ክኒኑን ለጊዜው አትላኪው

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? አጥንትሽ ሳስቷል ከተባልኩ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ እህትሽ ነግራኛለች። የአንጀት ባክቴሪያ ያስተካክላል ያልሽውን ክኒን ከመላክሽ በፊት ግን ነገሩን ላጣራ ብዬ ሳነብ ሰነበትኩ። እናትሽን ታውቂያት የለ፣ ሳትጠይቅ የምትውጠው ነገር የለም።

ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። አጥንታችን ዕድሜ ልክ ይፈርሳል፣ ይሠራል። የሚያፈርሱት ሴሎች ከሚሠሩት ሲበረቱ ይሳሳል። በ2012 የስዊድን ተመራማሪዎች ምንም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦችን ሲያዩ አፍራሾቹ ሴሎች አነስተኛ፣ አጥንታቸውም ብዙ ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኑ። አንጀት የት፣ አጥንት የት!

የሚያገናኛቸው የበሽታ መከላከያችን ነው። በአይጥ እንደታየው ኤስትሮጅን (ሴት ስታርጥ የሚያንሳት ሆርሞን) ሲቀንስ የአንጀት ግድግዳ ይላላል። መከላከያ ሴሎች ይቆጣሉ፤ የሚረጩት ኬሚካል አጥንት አፍራሾቹን ያነቃል። እንደኔ ያረጠች ሴት ይህን ስታነብ ዝም ብላ አታልፍም። ደግሞ ባክቴሪያ ሁሉ ክፉ አይደለም። ጥራጥሬና አትክልት ውስጥ ያለውን አሰር ሲያብላሉ የሚያወጡት ቡቲሬት የተቆጣውን ያበርዳል፣ ካልሲየም ወደ ሰውነት እንዲገባም ያግዛል።

አሁን ወደ ክኒንሽ። በ2018 በ90 አረጋውያን ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ አንዱን ባክቴሪያ ለአንድ ዓመት የወሰዱት የቅልጥማቸው አጥንት መሳሳት ካልወሰዱት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ደስ ይላል። በ2024 ግን ያንኑ ባክቴሪያ ካረጡ ብዙም ባልቆዩ 239 ሴቶች ላይ ለሁለት ዓመት ሞከሩት። ካልወሰዱት ምንም ልዩነት የለም! በዕድሜ የምቀርበው ደግሞ ለኋለኞቹ ነው። ሻጮቹ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያወሩት፣ ምን ያድርጉ።

ስለዚህ ገንዘብሽን ያዢው። ሐኪሙ ያዘዘልኝን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፣ ቫይታሚን ዲውንም አልረሳሁም። እግሬንም አላሳርፈውም፤ አጥንት ክብደት ሲሸከም ይጠነክራልና።

አንቺ ግን ጉንፋን በያዘሽ ቁጥር አንቲባዮቲክ መዋጥሽን ተይ። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ መድኃኒቱ የሚፈጀው የአንጀትሽን ባክቴሪያ ነው። አጥንትም የሚከማቸው እስከ 30 ዓመት ገደማ ነውና አሁን ነው ጊዜሽ፣ ስፖርቱን አትተዪ።

ስትመጪ የምርመራ ወረቀቴን አብረን እናያለን። የወገቤ ውጤት ከዳሌዬ ለምን እንደተለየ በስልክ ማስረዳት አቅቶኛል።

እናትሽ