«አፍሽ ደረቀ ወይ?» ብቻ አትበሉን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለጭንቅላትና ለአንገት ካንሰር ከሚሰጥ የጨረር ሕክምና በኋላ ስለሚመጡ ችግሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የአፍ መድረቁ፣ የጥርሱ ነገር፣ ድካሙ ሁሉ አለ። ጆሮ ግን የለም።

እኔ ከአፍንጫ ጀርባ ካንሰር ወጥቶብኝ በ7 ሳምንት 35 ጊዜ ጨረር ወስጃለሁ። ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞም (የካንሰር መድኃኒት) ነበረበት። ካለቀ ከወራት በኋላ ግራ ጆሮዬ ውኃ እንደገባበት ድፍን አለ። የገዛ ድምፄ ጭንቅላቴ ውስጥ ያስተጋባል። ኩክ ነው ብዬ በጥጥ መጠራረግ ጀመርኩ። ሞኝነት! ለካ ጨረር ያገኘው የጆሮ ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል። ኩኩም እንደ ድሮው በራሱ አይወጣም። ጥጡ ወደ ውስጥ ገፋው፣ ቆዳውን አቆሰለው፤ ከዚያ መግል መጣ። ሽታውን ባልናገር ይሻላል።

አንገት በላይ ሐኪም ጋ ስሄድ በአጉሊ መነጽር እያየ በቀጭን መምጠጫ አጸዳልኝ። ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የምታገናኘው ቱቦ በጨረሩ ስለተጎዳች ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። «በስተው ያውጡልኛ!» አልኩት። አመነታ። ጨረር ባገኘው ጆሮ ላይ ቀዳዳው አልደፈን ብሎ ሲፈስ ሊኖር ይችላል አለኝ።

ሌላም አለ። ሁለቱም ጆሮዎቼ ይጮኻሉ፤ ቀጫጭን ድምፅም ያመልጠኛል። አስተማሪ ነኝ። ተማሪዬ «ሳቀ» ስትል እኔ «ፋቀ» ሰምቼ አረምኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱን ደህና አድርጌ ሰማሁት። ይሄኛው የውስጥ ጆሮ ጉዳት ነው። ጨረሩም ኬሞውም አሉበት፣ የሄደውም አይመለስም። አሁን መስሚያ መሣሪያ አድርጌያለሁ።

የሚያናድደኝ ሐኪሙ «ከሕክምናው በፊት ያደረግሽው የመስማት ምርመራ የታለ?» ሲለኝ ነው። የለም። ከመጀመሬ በፊት ጥርሴን አንድ በአንድ ያዩት ሰዎች ስለ ጆሮዬ አንድም ቃል አልተነፈሱም። የቱ ጉዳት መቼ እንደመጣ፣ ከዱሮ የነበረው የትኛው እንደሆነ አሁን በምን ይታወቅ?

ጨረሩን ፍሩ ማለቴ አይደለም። በሕይወት ያለሁት በእሱ ነው። ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት መስማታችሁን አስመርምሩ፤ በየቀጠሮውም ጆሮዬን እዩልኝ በሉ። ጣጣው ከዓመታት በኋላም ብቅ ይላልና። ጥጡንም ጣሉት።

እናንተም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ስለ ጥርስ ከጻፋችሁት ቀጥሎ ለጆሮ አንድ አንቀጽ ጨምሩለት።

አንዲት አስተማሪ