የሞተራችን ዘይት መድረሻው ጣና መሆን የለበትም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ እምቦጭ ሳይሰለች በመጻፉ ከልብ አመሰግናለሁ። አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደምቢያን፣ የጎንደር ዙሪያንና የሊቦ ከምከምን ዳርቻ ሲያስጨንቅ፣ ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ሁላችንም አይተናል። ይሁን እንጂ የጣና ነገር በተነሣ ቁጥር ዓይናችን ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ብቻ ይሄዳል። እኔ ዛሬ የምጽፈው እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ፣ በየጋራዡ ደጃፍ፣ ከእኛ ከሞተረኞችና ከባጃጅ አሽከርካሪዎች ሥር ስለሚፈሰው የተቃጠለ ዘይት ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ያለ ሞተር ሥራዬ አይሠራም። ቤቴ ዓባይ ማዶ ነው። አንዳንድ ቀን ድልድዩን ተሻግሬ በዘጌ መንገድ እወጣለሁ፤ ሌላ ቀን እዚያው በእኛ በኩል ወደ ዘንዘልማና ወደ ሮቢት እሄዳለሁ። በሥራ ዓለም መጀመሪያ የተሰጠኝ ሞተር ያማሃ ኤጂ 100 ነበር። የግብርና ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰንሰለቱ ዙሪያውን የተከደነ፣ ጭቃና ኮረኮንች የማይበግረው ሞተር ነው። ባለ ሁለት ምት በመሆኑ ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥላል፤ ከኋላው የሚከተል ሰው ጭሱን መጠጣቱ አይቀርም። አሁን የምነዳው ባጃጅ ቦክሰር የሚባለው ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ባለ አራት ምት ነው። ጭሱ የለም፣ ነዳጅም ይቆጥባል፤ ሆኖም ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው 1 ሊትር ገደማ ዘይት በጠቆረ ቁጥር ፈስሶ በአዲስ መተካት አለበት። ከጭሱ ተገላገልን ስንል ይህኛው መጣ።

ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆኗ፣ መንገዶቿም ሰፋፊ ስለሆኑ ለሁለት ጎማ የተመቸች ከተማ ናት። ብስክሌቱ ከድሮም ነበር፤ ሞተሩና ባጃጁ ኋላ ተጨመሩ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ መንገድ ለይቶ መስጠቱ ለእኛ ለሞተረኞችም ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ጠዋት ስሻገር ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ፣ ደንገሉን ወደ ሐይቁ በኩል ሳየው እዚህ በመኖሬ ደስ ይለኛል። የምጽፈውም ይህ ደስታ እንዳይነጠቅብን ነው።

ክረምት ሲገባ ለሞተረኛ ከዶፉ ይልቅ የሚያስፈራው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። በጋውን ሙሉ ባጃጆች በሚቆሙበት አስፋልት ላይ የተንጠባጠበው ዘይት ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ይከርምና ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። በዚያ ሰዓት አደባባይ ላይ የፊት ፍሬን የነካ ሰው ራሱን መሬት ላይ ያገኘዋል። ዝናቡ ሲበረታ መንገዱ ይጸዳል፤ እኛም ተመስገን ብለን ማርሽ እንጨምራለን። ዘይቱ ግን አልጠፋም። ጎርፉ ወደ ቦዩ አስገብቶታል፤ የከተማችን ቦዮች ቁልቁለት ደግሞ ወይ ወደ ጣና ወይ ወደ ዓባይ ነው።

ከመንገዱ የሚታጠበው ከጋራዥ ከሚደፋው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። መንገድ ዳር ዘይት ሲቀየር ቆሞ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ሞተሩ ትንሽ እንዲሠራ ተደርጎ ይጠፋል። ረዳቱ የተቆረጠ ቢጫ ጄሪካን ከሥሩ ያስቀምጥና የማፍሰሻውን ብሎን ያላላል። ጥቁሩ ዘይት መጀመሪያ በኃይል ይወርዳል፤ ከዚያ እየቀጠነ ይንጠባጠባል። ፀሐይ ላይ ቀረብ ብሎ ላየው ደቃቃ የሚያብለጨልጭ ነገር አለበት፤ ከማርሹ ጥርስና ከሞተሩ ግድግዳ ተፍቆ የወጣ ብረት ነው። ልጁ ጄሪካኑን አንሥቶ ጥቂት እርምጃ ይራመድና ቦዩ ውስጥ ይደፋዋል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ብሎኑ ይጠብቃል፣ አዲሱ ዘይት ይሞላል፣ ሒሳብ ይከፈላል።

አንድ ሊትር ምን ይጎዳል የሚል ካለ እስቲ እናስላው። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባጃጅ በወር ከ2 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቢያንስ በወር አንዴ ዘይት ይቀይራል። እንዲህ የሚሠሩ 1 ሺህ ባጃጆችና ሞተሮች ብቻ አሉ ብንል፣ በወር 1 ሺህ ሊትር፣ በዓመት 12 ሺህ ሊትር የተቃጠለ ዘይት ማለት ነው። 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ሲለካ 60 በርሜል ይሆናል። ስልሳ በርሜል ዘይት ማንም ሰው በአንድ ቀን ሐይቁ ዳር አምጥቶ ቢያፈስ ከተማው በሙሉ ይነሣበት ነበር።

ጣና ይህን የሚሸከም ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ዘይት ውኃ ላይ ስስ ሆኖ ሲዘረጋ አየር ወደ ውኃው እንዳይገባ ያግዳል፤ ብዙ ዓሣ የሚራባበት ደግሞ ይኸው ደንገል ያለበት የዳርቻው ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ኑሮ የተመሠረተው እዚያ ላይ ነው። ዓባይ የሚወጣውም ከእኛው ከተማ ሥር ስለሆነ የምንደፋው ነገር ወደ ጢስ ዓባይ አቅጣጫ ይወርዳል፤ በወንዙ ዳር ሰውም ከብትም ይጠጣል። ከብት የተቃጠለ ዘይት ካገኘ ሊልሰው እንደሚችል፣ ከዚያም ሆዱና ሳንባው ክፉኛ እንደሚጎዳ በሙያዬ ስለማውቅ ነገሩን ቀላል አድርጌ ላየው አልችልም።

በሐይቁ ዳር ተሽከርካሪ ማጠብም ከዚሁ የሚለይ አይደለም። ሞተሩን ጎማው ውኃ እስኪነካ አስጠግቶ፣ ግሪሱን በቤንዚን፣ ጭቃውን በዱቄት ሳሙና አጥቦ መሄድ የተለመደ ሆኗል። ለእምቦጭ መስፋፋት ዋናው ምግብ ከእርሻ ማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ፎስፈረስ ያለበት ሳሙና ከላዩ መጨመር አረሙን መቀለብ ነው።

የጋራዥ ልጆች ይቀጡ አልልም። አብዛኞቹ ጠባብ ቦታ ተከራይተው የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው፤ ዘይቱን የሚያስቀምጡበት ነገር ማንም ሰጥቷቸው አያውቅም። የምለው በየጋራዥ ሰፈሩ ክዳን ያለው አንድ በርሜል ከማጥለያ ጋር ይቀመጥ፣ ሲሞላ የሚሰበስብ አካል ይመደብ ነው። የተቃጠለ ዘይት ፈላጊ አያጣም፤ የአጥር እንጨት ከምስጥ ለመጠበቅ ገዝቶ የሚወስድ ሰው አሁንም አለ። (ከብት በሚታሰርበት አጥር ላይ ግን እባካችሁ አትቀቡት።) ለአጣቢዎችም ከዳርቻው ራቅ ያለ፣ ቆሻሻው የሚጠልልበት ጉድጓድ ያለው ቦታ ይሰጣቸው፤ የዕለት እንጀራቸውን ሳናሳጣ ውኃውን እናድናለን። እኛ ባለ ሞተሮች ደግሞ ዘይት ስናስቀይር «የት ነው የምትደፋው?» ብሎ መጠየቅ አይከብደንም። ደንበኛ የጠየቀውን ጋራዥ ይሰማል።

አዲስ ሕግ መጠበቅም አያስፈልግም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከልን ይከለክላል፤ የበከለም እንዲያጸዳ ያስገድዳል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የጎደለው ሕጉን ከጋራዡ ቦይ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ነው፤ ይህም ከክፍለ ከተሞችና ከንግድ ፈቃድ ሰጪዎች ይጠበቃል። ፈቃድ ሲታደስ «በርሜልህ የታለ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር ብዙ ይለወጣል።

ለጋዜጣችሁም ጥያቄ አለኝ። ከመጪው ክረምት በፊት ጋዜጠኛ ላኩ፤ ከአንድ የጋራዥ ሰፈር ተነሥቶ ቦዩን እየተከተለ እስከ ውኃው ይውረድ፣ ፎቶግራፍ ያንሣ፣ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ያነጋግር፤ ያገኘውንም አትሙት። በሞተሬ አፈናጥጬ መንገዱን ላሳየው ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሞተረኛ
ዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር