ቤትን በእጅ በተሰፋ መጽሐፍ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ሠዓሊ ስሆን፣ «ቤት» በሚል ሐሳብ ዙሪያ ለማቀርበው ዐውደ ርእይ በእጄ የተሰፉ 12 መጻሕፍት እያዘጋጀሁ ነው። የብራና ጠራዦቻችን ጥራዞቹን በክር እርስ በርስ እያያያዙ ከእንጨት ገበታ ጋር የሚሰፉበትን ጥንታዊ ስልት ብከተልም፣ የፍየል ቆዳ በመፋቅ ፈንታ (እውነቱን ለመናገር ትዕግሥቱም የለኝም) ወረቀት በቡና እየነከርሁ እጠቀማለሁ። ገበታውን የሚጠርብልኝ የሰፈራችን በርጩማ ሠሪ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማር ፈልፍሎ ለሚያወጣ እጅ የመጽሐፍ ሽፋን አይከብደውም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የቦታ ጉዳይ ነው። አንድ አዳራሽ ቀኑን ከሰጠኝ በኋላ ለሠርግ ተይዟል ብሎ መልሶኛል። በጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር 2ኛ ቤተ መንግሥት፣ ያ ሁሉ የእንጨት ጥበብ ያረፈበት ቤት፣ በቆመባት ከተማ ለሥዕል የሚሆን ክፍል ፈልጌ ማጣቴ አስገርሞኛል። መጻሕፍቱ በእጅ የሚዳሰሱና የሚገለጡ በመሆናቸው የሚያስፈልገኝ ጠረጴዛ፣ ጥቂት በርጩማና የመስኮት ብርሃን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ክፍል ያለው አንባቢ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያሳውቀኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሠዓሊ፣ ከጅማ