ሥራው አለ፣ መደቡ ነው የጠፋው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የባዮሎጂ ምሩቃን መንግሥትን ከመጠበቅ ይልቅ የራሳቸውን ሥራ እንዲፈጥሩ የሚመክረውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። ጸሐፊው በጎ አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። ግን አውቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም ማጽጃ) እና ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ በልኩ ሙቀት የሚበቅልበት ሳጥን) ገዝቶ ላብራቶሪ የሚከፍት አዲስ ተመራቂ እዚህ ባሕር ዳር አላውቅም።

እኔ በባዮሎጂ ተመርቄ በአንድ ፕሮጀክት በኮንትራት የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሐይቁ ዳርና ከጉድጓዶች የሚመጣ ውሃ እንፈትሽ ነበር። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ይመጣል። 100 ሚሊ ሊትሩ በስስ ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው ሚዲያ በምንለው የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ ላይ ተነጥፎ 44 ዲግሪ ላይ ያድራል። በማግስቱ የበቀለውን አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ላይ ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። ሌሊት መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ልፋት ሁሉ ይበላሻል፤ እንደገና መቅዳት ነው። ይህ እጅ የሚለምደው ሥራ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለተነበበ ብቻ አይሠራም።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራታችንም አለቀ። መሣሪያዎቹ ጨርቅ ለብሰው ቀሩ። ለቋሚ ቅጥር ደጅ ብንጠናም ወፍ የለም፤ መልሱ «መዋቅሩ ላይ መደቡ የለም» ነው። ዛሬ እኔ በግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች፤ ሌላው ባጃጅ ይነዳል። ከእሱ የበለጠ በጥንቃቄ ሚዲያ የሚያዘጋጅ ሰው አላየሁም።

ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው አብዛኛው «ሜዲካል ላብራቶሪ» ይላል። የሕመምተኛ ደም የሚመረምር ሰው የጤና ሙያ ፈቃድ ይኑረው መባሉ ልክ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ሥራው የውሃ ወይም የወተት ምርመራ ሆኖ ሳለ ባዮሎጂን ጭራሽ አይጠራም። ከጠራም የሁለት ዓመት ልምድ ይላል። 0 ዓመት የሚል መደብ ካልተከፈተ ልምዱ ከየት ይምጣ? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂው የመውጫ ፈተና አልፎ ነው የሚመጣው። በኮንትራት የሠራነው ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ እየተባልን እንመላለሳለን።

አባቴ ያስተማረኝ ከጣና በታንኳ ዓሣ እያወጣ ነው። ቆሮሶውንም አምባዛውንም የምንበላው እኛው ነን። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎን ነበር። እምቦጩን ለመንቀል ሕዝቡ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲገባም አይተናል። እምቦጭ ግን ከእርሻና ከከተማ በሚገባ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው የሚፋፋው። መነቀሉ ብቻውን አይበቃም፤ በየወንዙ መግቢያ ላይ በየወሩ ናሙና የሚቀዳና የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር እየተጀመረ ፕሮጀክት ሲሄድ የሚቆም ልኬት ሐይቁ እየተሻለው ይሁን እየባሰበት አይነግረንም።

ናሙናውን አዲስ አበባ ልኮ ማስመርመር ይቻላል የሚሉም አሉ። ለባክቴሪያ የሚፈተሽ ውሃ ቀዝቅዞ ቢያዝም በ24 ሰዓት ውስጥ ሥራው መጀመር አለበት። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመንገዱንም ሁኔታ ሁላችን እናውቀዋለን። ወተቱም ዓሣውም ያው ነው። ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለን፣ አንዳሳ ላይ የእንስሳት ምርምር አለን፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለን። ምግብ አቀነባብሮ የሚሸጥ ሁሉ በየቀኑ የሚፈትሽለት ሰው ያሻዋል።

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁ ለክልሉ ሲቪል ሰርቪስ አንድ ጥያቄ እንዲያቀርቡልን እለምናለሁ። በውሃ፣ በእንስሳትና በምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች ለባዮሎጂ ላብራቶሪ ቴክኒሽያን የጸደቀው ቋሚ መደብ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥስ ሰው የተቀመጠበት ስንቱ ነው? መልሱን በጋዜጣችሁ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን
ከባሕር ዳር፣ ጣና ክፍለ ከተማ