ቀብድ በግራም የሆነበት ምክንያት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ በወርቅ ቤታችን የቀለበትና የሙሽራ ጌጥ ቀብድ በብር ሳይሆን በግራም መመዝገብ ጀምረናል። «ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ ዋጋ ልትጨምሩብን ነው?» ብላችሁ ቅር ተሰኝታችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። ስላስቀየምናችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን የስስት አይደለም፤ እንዲያ መባሉም ከብዶናል።

በቀድሞው አሠራር የ18 ካራት (ከ24 እጅ 18ቱ ንጹሕ ወርቅ የሆነ) ግራም 10,000 ብር ነው እንበል። ለ15 ግራም ጌጥ 60,000 ብር ቀብድ ስንቀበል የምንገዛበት 6 ግራም ብቻ ነው፤ በዚያው ዋጋ ቃል የገባነው ግን ለ15 ነው። እስከ ሠርጉ ግራሙ 11,000 ከገባ የ9 ግራሙን ልዩነት፣ 9,000 ብር፣ የሚሸፍነው ቤቱ ነው። ያውም ትዕዛዝ በአንዴ የሚደራረበው ጥርና ሚያዝያ ላይ ነው። ወርቅ ሲረክስ ደግሞ ቀብዱን ትቶ ከሌላ ቤት የሚገዛ አይጠፋም።

በእጅ ለሌለ ወርቅ ቁርጥ ዋጋ መስጠት መንግሥታትም ያልቻሉት ነገር ነው። አሜሪካ ከ1934 ጀምሮ (የዚህ አንቀጽ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንዱን አውንስ ወርቅ፣ 31.1 ግራም ገደማ፣ በ35 ዶላር ተመነች፤ በ1944ቱ የብሬተን ውድስ ስምምነትም የሌሎች አገሮች ገንዘብ በዚሁ ዶላር ላይ ታሰረ። ዶላሩ በዓለም ላይ በዛ፣ ወርቁ ግን አልበዛም። በ1961 ስምንት አገሮች ተባብረው የለንደን ገበያ ከ35 ዶላር እንዳያልፍ ከካዝናቸው ወርቅ እየሸጡ ያዙት። ዋጋው መነሣቱ እንደማይቀር ያወቀ ሁሉ በርካሹ ሊገዛ ተሻማ፤ ፈረንሳይ በ1967 ከማኅበሩ ወጣች፤ መጋቢት 1968 ላይ ማኅበሩ ፈረሰ። በ1950ዎቹ መጨረሻ 20 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው የአሜሪካ ወርቅ በ1971 ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት 15 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መለወጥ አቆሙ። በጥር 1980 አንዱ አውንስ 850 ዶላር ደረሰ።

የእኛም ብር በወርቅ ተተምኖ ያውቃል። ሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል አንዱ ብር 5.52 ግሬን ንጹሕ ወርቅ ተብሎ ተደነገገ፤ 0.3577 ግራም ማለት ነው። በዚያ ተመን የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ 2 ብር ከ80 ሳንቲም ያህል ነበር! ዛሬ ብርን ከወርቅ ጋር የሚያስር ሕግ የለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አባታችን ይህን ቤት ሲከፍቱ ዋጋ ለወራት ባለበት ይቆይ ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል።

አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው። የዓለም ገበያን የአውንስ ዋጋ ለ31.1035 ግራም እናካፍላለን (ከወቄት ጋር እንዳይምታታ)፣ በዕለቱ ምንዛሪ እናባዛለን፣ ለ18 ካራት በ0.75፣ ለ21 ካራት በ0.875 እናባዛለን። የአገር ውስጥ ገበያ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል የዕለቱን ዋጋ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እንለጥፋለን። የእጅ ዋጋ በደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ ወርቅ ቢወደድም አይነካም። 60,000 ብር ከፍላችሁ 6 ግራም ከተጻፈላችሁ፣ ግራሙ የትም ይድረስ 6 ግራሙ የእናንተ ነው፤ በዚያው ቀን ገዝተን እናስቀምጠዋለን። የቀረውን 9 ግራም በምትረከቡበት ቀን ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ 11,000 ከሆነ 99,000፣ 9,000 ከሆነ 81,000 ብር። ስጋት ያለባችሁ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ግራም እየገዛችሁ ማጠራቀም ትችላላችሁ።

አሮጌ ወርቅ ስታመጡ ፈርጡን አውጥተን እናንተው ፊት እንመዝናለን። የመፈተኛ ድንጋይና አሲድ የሚያሳየው የላዩን ብቻ ስለሆነ ወፍራም ጌጥ በሞረድ ጫር ተደርጎ ነው የሚፈተን፤ አትደንግጡ። ብየዳ የበዛበት ሰንሰለት ሲቀልጥ ካራቱ ዝቅ ይላል፤ የምንቀንሰውም ለዚህ ነው። 30 ግራም የ21 ካራት ወርቅ ወደ 18 ሲለወጥ 35 ግራም ይሆናል፤ ስሌቱን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ከዚህ ወር በፊት የተጻፈ ደረሰኝ የያዛችሁ ሁሉ በተጻፈው ዋጋ ትረከባላችሁ፤ ኪሳራው የእኛ ነው። እናቶቻችሁን የዳርን ቤት ነን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጎራ ብላችሁ ስሌቱን አብረን እንይ፣ ከዚያ በኋላ ፍረዱን። ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርቅ ቤቱ ባለቤት፣ ሐዋሳ