በእርሳስና በእስክሪብቶ፦ የፊልም ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የፊልም ክበብ ዘንድሮ አንድ ሥራ ይዞ ከረመ፦ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ያለውን ሰሌዳ በየሐሙሱ ማደስ። ሰሌዳው በከተማችን ሲኒማ ቤቶች በዚያ ሳምንት የሚታዩትን ፊልሞች ይዘረዝራል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ የፈተና ሳምንቶች ካልሆኑ በቀር፣ ሳይታደስ ያለፈ ሐሙስ የለም። ተማሪዎቹ ለሰሌዳው «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም መርጠውለት ነበር፤ ሲኒማ ለአዲስ አበባ ገና እንግዳ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ለማሳያ ቤቱ ያወጣለት ስም ነው። ከበላይ ስላልጸደቀ «በዚህ ሳምንት» ተብሎ ቀረ። ያሳዝናል፤ የመጀመሪያው ይሻል ነበር።

እያንዳንዱ መስመር የፊልሙን ስም፣ ሲኒማ ቤቱን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ርዝመቱን በደቂቃ፣ ቋንቋውን፣ የዕድሜ ገደቡንና የትኬቱን ዋጋ ይይዛል። በመጀመሪያው ወር ስምና ሰዓት ብቻ ይበቃል ተብሎ ነበር። ርዝመቱ የተጨመረው ወላጆች «ስንት ሰዓት ያልቃል?» ማለት ስላበዙ ነው። መግቢያውን ብቻ የሚናገር ማስታወቂያ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

መረጃው የሚሰበሰበው ከኤድና ሞል፣ ከዓለም ሲኒማ፣ ከአምባሳደር እንዲሁም ከፒያሳዎቹ ከኢትዮጵያና ከአምፒር ነው። መጀመሪያ ላይ አባላቱ ፖስተር በስልክ እያነሡ ይመጡና ያንኑ ይገለብጡ ነበር። ይህ አያዋጣም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ፊልሙ እየታየ ነው ማለት አይደለም፤ ፊልሙ ከወረደ በኋላም የሚያነሣው ሰው እስኪገኝ ይሰነብታል። «በቅርብ ቀን» የሚለውም ሳምንት ይሁን ሦስት ወር ማንም አያውቅም። የምረቃ ቀን ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። አዲስ የአማርኛ ፊልም ሲመረቅ አዳራሹ በተጋባዥ ሊሞላ፣ ዋጋውም ከአዘቦቱ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የምረቃው ሰዓት እንደ መደበኛ ፕሮግራም አይጻፍም፤ የሚጻፈው ከማግሥቱ ጀምሮ ያለው ነው።

ከኅዳር በኋላ የያዝነው ደንብ ይህ ነው። አንድ ፊልም በእስክሪብቶ የሚጻፈው ሁለት ምንጭ ሲኖረው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ የትኬት መሸጫው መስኮት መሆን አለበት፣ በአካል ወይም በስልክ። ሁለተኛው የሲኒማ ቤቱ የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ገጽ ሊሆን ይችላል። አንድ ምንጭ ብቻ ያለው በእርሳስ ይጻፋል። በጠርዙ ላይ የተጣራበት ቀን ይሰፍራል። መስኮቱ ጋ የሚጠየቀውም ጥያቄ ተለውጧል፦ «ይታያል ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው፤ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት የሚገባውን ነው የምትሸጡት?» ሲባል ግን ሻጩ ወረቀቱን ያያል።

ትልቁ ራስ ምታት ሰዓት ነው። የአማርኛ ፊልም ፖስተር «በ8፣ በ10፣ በ12» ካለ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ አያጠራጥርም። የውጭ ፊልም የሚያሳይ ቤት ግን ፕሮግራሙን በኮምፒውተር ሲያወጣ በፈረንጅ ሰዓት ሊጽፈው ይችላል። ልዩነቱ ስድስት ስለሆነ አብዛኛው ቁጥር ራሱን ያጋልጣል፤ በፈረንጅ የተጻፈ 4 እንደ እኛ ከተነበበ ከጠዋቱ 4 ወይም ከምሽቱ 4 ላይ ይወድቃል። 2 እና 8 ግን አይጋለጡም። የእኛ ከቀኑ 8 የፈረንጅ 2 ነው፤ የእኛ ከምሽቱ 2 የፈረንጅ 8 ነው፤ አራቱም ፊልም የሚገባባቸው ሰዓቶች ናቸው። በአንድ ሲኒማ ቤት ፕሮግራም ላይ ብቻውን የቆመ «8:00» በኅዳር ሰሌዳችን ከቀኑ 8 ተብሎ ወጣ፤ ፊልሙ የምሽት ነበር። መፍትሔው ረድፉን በሙሉ ማንበብ ነው። 8፣ 10፣ 12 ተከታትለው ካሉ የእኛ ነው፤ በፈረንጅ ቢሆን የመጨረሻው እኩለ ሌሊት በገባ ነበር። 2፣ 4፣ 6፣ 8 ካለ የፈረንጅ ነው። ብቻውን የቆመ ቁጥር አይተረጎምም፤ ይደወላል። ሰሌዳው ላይ ሲሰፍርም «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ሳይል አይወጣም።

የርዝመትንና የቀንን ስሌት የተለማመድነው «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ላይ ነው። 181 ደቂቃ ነው። ተራ የ100 ደቂቃ ፊልም በየሁለት ሰዓቱ ሊገባ ይችላል፦ በ8፣ በ10፣ በ12 እና በምሽቱ 2፣ አራት ጊዜ ማለት ነው። 181 ደቂቃ ሲሆን ተመልካች ለማስወጣት፣ ለማጽዳትና ለማስታወቂያ ግማሽ ሰዓት ግድም ይጨመርና ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በ8 የጀመረ ስክሪን ቀጣዩን በ11፡30፣ ሦስተኛውን ከምሽቱ 3 ያስገባል። የሦስተኛው መጨረሻ ከእኩለ ሌሊት ይሻገራል፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ የት ይገኛል? እንዲህ ያለው ማሳያ በሰሌዳችን ላይ ምልክት ይደረግበታል። ቀኑም ትምህርት ሰጥቶናል። ፊልሙ በአሜሪካ የወጣበት ኤፕሪል 26 በእኛ ሚያዝያ 18 ነው፤ ያ ዕለት ዘንድሮ ስቅለት ነበር፣ ፋሲካ ሚያዝያ 20። በስቅለት ዕለት ማን ሲኒማ ይገባል? የውጭ ድረ ገጽ ላይ የሚገኝ የመውጫ ቀን ለአዲስ አበባ ሰሌዳ ፍንጭ ነው፤ ከእርሳስ አያልፍም።

ከሰሌዳው ግርጌ በየሳምንቱ አንድ አስተያየት ይለጠፋል፣ ከ120 ቃላት ያልበለጠ። ታሪኩን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከፊልሙ ሲሶ በኋላ ያለ ነገር አይነገርም፤ በ100 ደቂቃ ፊልም ውስጥ ከ33ኛው ደቂቃ ወዲያ ያለው የተመልካቹ ነው። ከባዱ ሌላ ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከወጡት አስተያየቶች ብዙዎቹ የአዳራሹን ጉድለት በዳይሬክተሩ ላይ አላከዋል። «ምስሉ ጨለማ ነው»፣ «ንግግሩ አይሰማም» የሚል ፍርድ ከመጻፉ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አለበት።

ስለ ብርሃን፦ ለዲጂታል ሲኒማ የተቀመጠው መለኪያ በስክሪኑ መካከል በነጭ ብርሃን 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። የፕሮጀክተር አምፖል እያረጀ ሲሄድ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ደግሞ አምፖሉ ውድ ስለሆነ ለመቀየር አይቸኩልም። የስሪ ዲ መነጽር ከዚያው ላይ ከግማሽ የሚበልጠውን ይወስዳል። ስለዚህ ከፊልሙ በፊት የሚታዩት ማስታወቂያዎችም ከደበዘዙ ጨለማው የአዳራሹ ነው። ማስታወቂያው ፈክቶ ፊልሙ ብቻ ከጨለመ የካሜራው ሰው ይጠየቅ።

ስለ ቅርጽ፦ የሲኒማ ምስል በብዛት በሁለት ቅርጽ ይመጣል፤ ስፋቱ የቁመቱ 1.85 እጥፍ ወይም 2.39 እጥፍ ነው። ሰዎቹ ቀጥነው ረዝመው ወይም ተድበልብለው ከታዩ፣ ወይም የሁሉም ራስ ከላይ ከተቆረጠ፣ የማሳያው ቅንብር ተሳስቷል። ይህ ወዲያው ለአስተናጋጁ ቢነገር በደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው የሚያየው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ስለ ድምፅ፦ በሲኒማ ውስጥ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከስክሪኑ ጀርባ ካለው የመካከል ስፒከር ነው፤ ሙዚቃው ከግራና ከቀኝ ይመጣል። ሙዚቃው እያስተጋባ ንግግሩ ከሩቅ የሚመጣ ከመሰለ የመካከሉ ስፒከር ደክሟል ወይም ጠፍቷል። የጉድጓድ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ትዕይንቶቹን ማወዳደር ነው፦ ደጅም ቤትም ውስጥ እኩል ካስተጋባ ጥፋቱ የአዳራሹ ግድግዳ ነው፤ ቤት ውስጥ በተቀረጹት ላይ ብቻ ከሆነ ቀረጻው ነው። ሳሎን በምንጣፍና በመጋረጃ ሳይሸፈን፣ ማይክራፎኑም ከተዋናዩ ርቆ ሲቀረጽ ያ ድምፅ ይመጣል፤ በአማርኛ ፊልሞቻችን ላይ በብዛት ያገኘነውም ጉድለት ይኸው ነው። ከንፈርና ድምፅ አልገጥም ሲልም ከመፍረድ በፊት የተቀመጡበትን ቦታ ማሰብ ይገባል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ ድምፅ በአንድ ፍሬም ጊዜ 14 ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ከስክሪኑ 28 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ሁለት ፍሬም ዘግይቶ ይሰማል። ስለዚህ አስተያየት ጸሐፊዎቻችን ከአዳራሹ ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ላይ፣ መካከል ይቀመጣሉ።

ወደ ሲኒማ ቤት የምናደርጋቸው የጋራ ጉዞዎች ብዙ የሚያስወሩ አይደሉም። ሲኒማ ቤቱ ጋ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መደወል፣ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል፣ ትኬቱን መምህሩ በአንድ ላይ ቆርጦ ረድፍ በረድፍ ማስቀመጥ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊትና ከበራ በኋላ መቁጠር። መዘግየት የሚመጣው ሁልጊዜ ከትራንስፖርት ነው፤ 45 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦልናል፦ ገና በሲኒማ ቤት እየታየ ያለ የአማርኛ ፊልም በፍላሽ ተገኝቷልና በአዳራሻችን ይታይ የሚል። መልሱ አይሆንም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክላል፤ ከዚያም በላይ አንድ የአማርኛ ፊልም ወጪውን የሚመልሰው በዋናነት ከዚያው ከትኬቱ መስኮት ነው።

ለ2012 አባላት የሚተላለፉት ዕቃዎች የሲኒማ ቤቶቹ ስልክ ዝርዝር ያለበት ደብተር፣ ያለፉት ሳምንታት ወረቀቶች የታሰሩበት ፋይልና የሰሌዳው ቁልፍ ናቸው፤ ሦስቱም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ናቸው። ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የተለጠፈው የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ የዘንድሮ ነው። የዘንድሮ ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች መስከረም 1 ቀን 2012 የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ነው። ስለዚህ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ስትለውጡ፣ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሠንጠረዡ ከሚሰጠው የእኛ ቀን ላይ አንድ ቀን እየቀነሳችሁ ጻፉ፤ ከየካቲት 22 ጀምሮ እንዳለ ይሠራል።