ሐኪም ትሁንልኝ ስትባል ተዋናይት ስለ ሆነችው ሴት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለገጣፎ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም የጉልበቷ ሕመም ቀለል ብሎላት ሰሞኑን በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጥታለች። ባለፈው እሑድ በስልክ «በአነጋገሬ ምክንያት ከጽዳት ሠራተኛና ከስደተኛ ሌላ የሚሰጠኝ ገጸ ባሕርይ የለም፤ ቴአትሩን ልተወው ነው» ያልሽኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኝ ስላደረ፣ በቃል ሊወጣልኝ ያልቻለውን በጽሑፍ ልንገርሽ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

እዚያው ለንደን ከአንቺ በፊት ባሕር ተሻግራ የመጣች ኤልዛቤት ሮቢንስ የምትባል ተዋናይትና ደራሲ ነበረች። ታሪኳን ካነበብኩ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች፤ አንዱ ምክንያት ደግሞ አባቷ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1862 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ የተወለደችው ይህች ልጅ ኮሌጅ ገብታ ሕክምና እንድታጠና አባቷ አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ እርሷ ግን በ18 ዓመቷ ከቤት ጠፍታ ተዋናይት ሆነች። ይህን ሳነብ፣ ሁለተኛ ዓመት የደረሰውን የሕክምና ትምህርትሽን አቋርጠሽ የመጣሽበት ዕለት፣ ከዚያም በኋላ ከአንድ ማዕድ እየቀረብን ድፍን ሁለት ዓመት ቃል ያልተለዋወጥንበት ጊዜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያ ዝምታ የእኔ ጥፋት ነበር፤ ይቅር በይኝ።

ሮቢንስ ቦስተን ሳለች ያገባችው፣ እርሱም ተዋናይ የነበረው ባሏ፣ በ1887 ራሱን ወንዝ ውስጥ ጥሎ ሞተ። በዓመቱ ወደ ኖርዌይ ተጓዘች፤ ከዚያም ለንደን ገብታ በዚያው ቀረች፤ ሌላ ባልም አላገባችም። በዚያን ዘመን ስመ ጥሩዎቹን የለንደን ቴአትር ቤቶች የሚመሩት በአብዛኛው ራሳቸው መሪ ተዋናይ የሆኑ ወንዶች ስለ ነበሩ፣ ተውኔት የሚመረጠው ለእነርሱ እንዲስማማ ሆኖ፣ ለሴቷ የሚደርሰው ከአጠገባቸው አምራ መቆም ነበር። እርሷ የኖርዌይን ቋንቋ ተማረች፤ የኖርዌያዊውን ጸሐፌ ተውኔት የኢብሰንን «ሄዳ ጋብለር» የተባለ ተውኔት ማንም እስኪያዘጋጅላት ሳትጠብቅም ከአገሯ ልጅ ከማሪዮን ሊ ጋር ተባብራ፣ በራሳቸው ኃላፊነት፣ ሚያዝያ 1891 ቮድቪል በተባለው ቴአትር ቤት ለመድረክ አበቃችው። በእንግሊዝኛ ሄዳን ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው እርሷ ናት፤ ለጥቂት ቀናት ከቀትር በኋላ ብቻ እንዲታይ የታሰበውም ተወድዶ ወደ ምሽት ተሸጋገረ። በእርግጥ እንግሊዝኛ ለእርሷ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነበር፤ ያንቺ ሸክም ከእርሷ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ይህን ሳላስብ የምጽፍልሽ እንዳይመስልሽ።

ድርሰቶቿን መጀመሪያ ላይ ሲ. ኢ. ሬይመንድ በሚል የብዕር ስም ታወጣ ነበር፤ በ1898 ግን ማንነቷ ታወቀ። እኔን ይበልጥ የያዘኝ በ1907 የሠራችው ነው። ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጣቸው በየአደባባዩ ሲሟገቱ ከሕዝቡ መካከል ቆማ ስትሰማ ከቆየች በኋላ፣ «ድምፅ ለሴቶች!» የሚል ተውኔት ጽፋ በኮርት ቴአትር እንዲታይ አደረገች፤ በሁለተኛው ገቢርም የትራፋልጋር አደባባይን ስብሰባ ከነተናጋሪዎቹና ከነተሳዳቢው ሕዝብ መድረክ ላይ አወጣችው። እንግሊዛውያን ስለ ራሳቸው አደባባይ ያዩት ይህ ተውኔት ከአሜሪካ በመጣች ሴት የተጻፈ መሆኑን ልብ በይልኝ። በ1918 መብቱ ለከፊሎቹ፣ በ1928 ደግሞ ከወንዶች እኩል ለሁሉም ሲፈቀድ በሕይወት ኖራ አየች፤ ያረፈችውም በ1952 በ89 ዓመቷ ነው።

እኔ ዘንድ የቀረ አንድ ንብረት አለሽ። የአናቶሚ ደብተርሽን ከሣጥን ውስጥ አውጥቼ ስመለከተው፣ ከፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ የክንድ አጥንት ተሥሏል፤ ገልብጬ ከኋላው ስጀምር ግን ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ አንድ ረዳትና ጎመን የታቀፉ እናት የሚከራከሩበትን ጽሑፍ በእርሳስ ተጽፎ አገኘሁት። የሰማሽውን እንደ ሰማሽው መጻፍሽ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለእናትሽ ባነብላት ድገምልኝ እያለች ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ረዳቱ «ለጎመኑም ይከፈላል» ሲላቸው ሴትዮዋ «ጎመኑ መቼ ወንበር ያዘ? እኔው አይደለሁም ወይ ታቅፌ ያመጣሁት?» ይላሉ፤ ጽሑፉ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ረዳቱ ምን ብሎ እንደ መለሰላቸው ጽፈሽ ላኪልን።

የሚወድሽ አባትሽ